እጅ ያስታጠበው ሐኪም

በ1840ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ቪየና ከተማ ውስጥ ምጥ የያዛት ድሃ ሴት አስቀድማ የምታጣራው ነገር ተረኛው ማን እንደሆነ ነበር፡፡ የከተማዋ አጠቃላይ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩት፡፡ ወላድ የሚቀበሉት በየተራ ነው፡፡ ተረኛው ሁለተኛው ክፍል ከሆነ እሰየው! አንደኛው ከሆነ ግን ሴትየዋ በሩ ላይ ትንበረከካለች፤ እጇን አጣምራ ወደዚያ እንዳያስገቧት ትለምናለች፡፡ መንገድ ላይ ወልደው፣ ሕፃኑን ታቅፈው የሚመጡም ነበሩ፡፡ እነዚህ ድሆች የሚያውቁትን ነገር ሐኪሞቹ አያውቁትም ነበር ማለት አይቻልም፡፡ በሆስፒታሉ መዝገብ ላይ በቁጥር ተጽፎ ተቀምጧልና፡፡

ከ1841 እስከ 1846 በነበሩት ስድስት ዓመታት በአንደኛው ክፍል ከወለዱት 20,042 ሴቶች መካከል 1,989ኙ ሞተዋል፡፡ ከአሥር አንዷ ማለት ነው፡፡ በሁለተኛው ክፍል ከወለዱት 17,791 መካከል የሞቱት 691 ናቸው፤ ከመቶ አራት አይሞሉም፡፡ አንድ ግቢ፣ አንድ ዓይነት ምግብ፣ አንድ ዓይነት ድህነት፡፡ ዋናው ልዩነት በአንደኛው ክፍል የሚያዋልዱት የሕክምና ተማሪዎች፣ በሁለተኛው ደግሞ የአዋላጅነት ተማሪዎች መሆናቸው ነበር፡፡ ብዙ በተማሩት እጅ ብዙ ሰው ይሞታል፡፡

የኢግናዝ ሴመልቫይስ ስም የሚነሳው ከዚህ ጋር ነው፡፡ ስለ እሱ ሲወራ ዘወትር የምንሰማው ጀርም ከመታወቁ በፊት እጅ መታጠብን ያስተማረ፣ ሰሚ አጥቶ ያበደ ሰው መሆኑን ነው፡፡ ይህ ውሸት ባይሆንም ጎደሎ ነው ባይ ነኝ፡፡ እኔን የሚከነክነኝ ሆስፒታሉ ነው፡፡ የቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል በዘመኑ ከአውሮፓና ከአሜሪካ ሐኪሞች ሊማሩበት የሚጎርፉበት የማስተማሪያ ሆስፒታል ነበር፡፡ ቁጥሩ በእጁ ነበር፡፡ መፍትሔውንም በገዛ ግቢው ሞክሮ ውጤቱን አይቷል፡፡ ታዲያ ያን ሁሉ አይቶ ሰውየውን ለምን አባረረው?

ሴመልቫይስ የተወለደው ጁላይ 1 ቀን 1818 ሀንጋሪ ውስጥ ቡዳ በምትባለው ከተማ ነው፡፡ ቡዳ ያን ጊዜ ከፔሽት ጋር አልተዋሐደችም ነበር፡፡ አባቱ ደህና የተሳካለት የሸቀጣ ሸቀጥ ነጋዴ ሲሆን እሱ ከአሥር ልጆች አምስተኛው ነው፡፡ ሕግ ሊማር ቪየና ሄደና በዓመቱ ወደ ሕክምና ዞረ፡፡ በ1844 ተመረቀ፡፡ የውስጥ ደዌ ሐኪም ለመሆን ፈልጎ ቦታ ስላጣ ነው ወደ ማዋለድ የገባው፡፡ በጁላይ 1846 የአንደኛው ክፍል ኃላፊ የፕሮፌሰር ዮሐን ክላይን ረዳት ሆኖ ተመደበ፡፡ ፕሮፌሰሩ ከመምጣታቸው በፊት ሕሙማኑን መመርመር፣ ከባድ ምጥ ሲያጋጥም መቆጣጠር፣ ተማሪ ማስተማርና መዝገብ መያዝ ሥራው ነበር፡፡ በዚያው ዓመት በክፍሉ ከወለዱት 4,010 ሴቶች 459ኙ ሞቱ፡፡

ገዳዩ የአራስ ትኩሳት ነው፡፡ ሴትየዋ በሰላም ትገላገላለች፡፡ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ብርድ ብርድ ይላታል፤ ሰውነቷ ይግላል፤ ሆዷ ይነፋል፤ ሲነኳት ትጮኻለች፡፡ ከዚያ በጥቂት ቀናት ውስጥ ትሞታለች፤ ብዙ ጊዜም ሕፃኑ ይከተላታል፡፡ የዘመኑ ሊቃውንት ነገሩን በከተማዋ ላይ ባንዣበበ መጥፎ አየር ያመካኙ ነበር፡፡ እዚህ ላይ እንዳንስቅባቸው፡፡ እኔ ባደግኩበት ሰፈር አራስ ስትታመም ምች መታት ይባል ነበር፤ ከፀሐይ የመጣ ጠያቂም ሳያርፍ ወደ አራሷ አይገባም፡፡ የቪየናው መጥፎ አየር ከኛ ምች ብዙም የራቀ አይደለም፡፡

ሴመልቫይስ ግን አንድ ቀላል ጥያቄ ጠየቀ፡፡ አየሩ ከሆነ ገዳዩ፣ በአንድ ኮሪደር የሚገናኙ ሁለት ክፍሎችን እንዴት ለይቶ ያጠቃል? መንገድ ላይ የወለደችውንስ እንዴት ይምራታል? ከዚያ ምክንያት የተባለውን ሁሉ አንድ በአንድ ማጣራት ያዘ፡፡ መጨናነቅ ነው እንዳይባል ሴቶቹ አንደኛውን እየሸሹ የሚጨናነቀው ሁለተኛው ክፍል ነው፡፡ በሁለተኛው ክፍል ሴቶች በጎን ተኝተው እንደሚወልዱ አየና በአንደኛውም እንዲሁ አስደረገ፤ ለውጥ የለም፡፡ ለሟች ቅዱስ ቁርባን የሚያቀብሉት ቄስ በአንደኛው ክፍል ሲያልፉ ከፊታቸው ደወል ይደወል ነበርና ምናልባት ድንጋጤው ይሆን ብሎ ቄሱ ያለ ደወል በሌላ በኩል ዞረው እንዲገቡ አደረገ፡፡ ሞቱ አልቀነሰም፡፡

በ1846 መጨረሻ ላይ ጉዳዩን እንዲመረምር የተቋቋመ ኮሚሽን ጥፋተኞቹ ተማሪዎቹ፣ በተለይም የውጭ አገር ተማሪዎቹ ናቸው፤ ሲመረምሩ እጃቸው ሻካራ ነው አለ፡፡ የተማሪው ቁጥር ከ42 ወደ 20 ተቀነሰ፡፡ የሚገርመው፣ ሞቱም ለጥቂት ወራት ቀነሰ፡፡ ኮሚሽኑ ባልጠበቀው መንገድ እውነቱ አጠገብ ደርሶ ነበር፤ ግን የእጁን ሻካራነት አየ እንጂ እጁ ላይ ያለውን አላየም፡፡ ይህን ለማየት የአንድ ሰው ሞት ግድ ሆነ፡፡

ሟቹ ያኮብ ኮሌችካ ነው፤ የሴመልቫይስ ወዳጅና የፎረንሲክ ሕክምና ፕሮፌሰር፡፡ በማርች 1847 አስከሬን እየመረመረ ሲያስተምር የአንድ ተማሪ ቢላ ጣቱን ወጋው፡፡ በጥቂት ቀናት ውስጥ ታሞ ሞተ፡፡ ሴመልቫይስ ያን ጊዜ ቬኒስ ነበር፡፡ ሲመለስ የወዳጁን የአስከሬን ምርመራ ውጤት አነበበ፡፡ ያነበበው ነገር በየማለዳው በሞቱት እናቶች ሆድ ውስጥ ሲያየው የኖረውን ነበር፤ ያው መግል፣ ያው እብጠት፡፡ ኮሌችካ ወላድ አይደለም፤ ወንድ ነው፡፡ ኮሌችካን የገደለው ከአስከሬኑ ወደ ደሙ የገባው ነገር ከሆነ፣ እናቶቹንም የሚገድለው ያው መሆን አለበት፡፡ ማን አስገባው? በጠዋት ከሬሳ ክፍል ወጥተው ቀጥታ ወደ ማዋለጃ ክፍል የሚመጡት ሐኪሞችና ተማሪዎች! አዋላጆቹ ደግሞ አስከሬን አይነኩም፡፡

ይህ ግኝት ለሴመልቫይስ ደስታ ብቻ አልነበረም፡፡ ከባልደረቦቹ ሁሉ ይበልጥ ሬሳ ክፍል የሚያዘወትረው እሱ ነበር፤ የሟቾቹን ምክንያት ሊያገኝ በተጋ ቁጥር ሟች ያበዛ ነበር፡፡ እሱ ከሥራው ተነስቶ ሌላ ሐኪም በተተካባቸው ወራት ሞቱ ቀንሶ፣ በተመለሰ ጊዜ በኤፕሪል 1847 ከ312 ወላዶች 57ቱ ሞተዋል፡፡ ይህንንም በኋላ በመጽሐፉ ውስጥ ሳይደብቅ ጽፎታል፡፡ ስንቱን እናት ያለ ዕድሜዋ መቃብር እንዳወረደ ከእግዚአብሔር በቀር የሚያውቅ እንደሌለ አምኗል፡፡ ከሳሾቹ ሁሉ ይህን ያህል ድፍረት ቢኖራቸው ኖሮ ታሪኩ ሌላ በሆነ፡፡

በሜይ 1847 አጋማሽ በክፍሉ በር ላይ የክሎሪን ውኃ የተሞላ ሳህን ተቀመጠ፡፡ በኋላ ዋጋው ረከስ ወዳለው የክሎሪን ኖራ ተለወጠ፤ የዛሬው በረኪና ዘመድ ነው፡፡ ሴመልቫይስ ክሎሪንን የመረጠው ስለ ጀርም አውቆ አይደለም፡፡ በሳሙና የታጠበ እጅ የሬሳ ሽታው አይለቅም፤ በክሎሪን የታጠበ ግን ይለቃል፡፡ ሽታው ከሄደ ሽታውን የያዘው ነገርም ይሄዳል ብሎ ነው፡፡ ፕሮፌሰርም ሆነ ተማሪ ሳይታጠብ ወደ ወላድ አይቀርብም ተባለ፡፡

ኤፕሪል ላይ ከመቶ 18 የነበረው ሞት በጁን 2.2፣ በጁላይ 1.2 ሆነ፡፡ በ1848 ከ3,556 ወላዶች የሞቱት 45 ብቻ ናቸው፡፡ በማርችና በኦገስት 1848 አንድም እናት አልሞተችም፡፡ ያ ሁሉ ዓመት በሕዝብ ሲፈራ የኖረው ክፍል ከሁለተኛው ክፍል ጋር ተስተካከለ፡፡

በመሐሉ ግን አንድ መከራ ደረሰ፡፡ በኦክቶበር 1847 በመጀመሪያው አልጋ ላይ የተኛችው ሴት የማህፀን ካንሰር ኖሮባት ፈሳሽ ይወጣት ነበር፡፡ ሐኪሞቹ ከሬሳ ክፍል ሲመጡ ታጥበዋል፤ እሷን መርምረው ወደ ቀጣዮቹ ሲያልፉ ግን በሳሙና ብቻ ነው የታጠቡት፡፡ አብረዋት ከወለዱት 12 ሴቶች 11ዱ ሞቱ፡፡ ሴመልቫይስ ከዚህ የተማረው መርዙ ከሬሳ ብቻ ሳይሆን ከሚበሰብስ ሕያው አካልም እንደሚመጣ ነው፡፡ ደንቡን ቀየረው፤ ከአንዷ ወላድ ወደ ሌላዋ ሲታለፍም መታጠብ ግድ ሆነ፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ባወጣው መመሪያ የሕክምና ባለሙያ እጁን ማጽዳት ያለበትን አምስት ጊዜያት ሲዘረዝር፣ በሽተኛውን ከመንካት በፊትና ከነኩ በኋላ የሚሉት ሁለቱ በነዚያ 11 እናቶች ዋጋ የተገኙ ናቸው ብል ማጋነን አይመስለኝም፡፡

እንግዲህ ወደ ጥያቄዬ ልመለስ፡፡ ውጤቱ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ ተቃውሞው ከየት መጣ?

በኛ አገር እጅ ማስታጠብ ለእንግዳ ክብር ነው፡፡ ማሰሮና ሳህን ይዞ የሚቆመው ታናሽ፣ እጁን የሚዘረጋው ታላቅ ነው፡፡ በቪየና ግን ሳህኑን ያቀረበው ታናሽ፣ ታላቁን እጅህ ነፍስ አጥፍቷል እያለው ነበር፡፡ ነገሩን ያባሰው ደግሞ መዝገቡ ነው፡፡ ሴመልቫይስ የማዋለጃውን ቁጥር ሆስፒታሉ ከተከፈተበት ከ1784 ጀምሮ ሲደረድር፣ እስከ 1822 ድረስ ከ71,395 ወላዶች የሞቱት 897፣ ማለትም ከመቶ አንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ፡፡ በዚያ ዘመን ክፍሉን የመሩት ፕሮፌሰር ቦዬር የማዋለድ ትምህርት በአስከሬን ላይ እንዲሰጥ አይፈቅዱም ነበር፡፡ ከ1823 ጀምሮ ባሉት አሥር ዓመታት ሞቱ ከመቶ አምስት በላይ ሆነ፡፡ በቦዬር ቦታ የተተኩት ማን ናቸው? ክላይን፡፡ አለቃውን ስም ሳይጠራ የሚከስ መዝገብ ማለት ይህ ነው፡፡

ክላይንን ክፉ ሰው ናቸው ብዬ ልደመድም አልፈልግም፡፡ በዕድሜ የገፉ፣ ሹመታቸውን የሚወዱ፣ በታዘዘው ሥርዓት ያስተማሩ ሰው ነበሩ፡፡ እኔ ጥፋት የምለው ሆስፒታሉ የክፍሉን ኃላፊ የራሱ ክፍል ዳኛ ማድረጉን ነው፡፡ የውስጥ ደዌ ሊቁ ዮሴፍ ሽኮዳ በ1849 ገለልተኛ አጣሪ ኮሚሽን ይቋቋም ብሎ ፋኩልቲው ቢስማማም፣ ክላይን ለሚኒስቴሩ አቤት ብለው አስቀሩት፡፡ በዚያው ዓመት ማርች ላይ የሴመልቫይስ የሥራ ዘመን አለቀ፤ እንዲራዘምለት ቢጠይቅም ተከልክሎ ካርል ብራውን ተተካ፡፡ የ1848ቱ አብዮት ገና ያልበረደበትና ሀንጋሪዎች በጥርጣሬ የሚታዩበት ጊዜ መሆኑም አልረዳውም፡፡

ሴመልቫይስም ቢሆን ንጹሕ አይደለም፡፡ ሽኮዳ፣ ሮኪታንስኪና ሄብራ የሚባሉ በሆስፒታሉ ስመ ጥር የሆኑ ሐኪሞች ከጎኑ ቆመው ጻፍ እያሉት አልጻፈም፡፡ ግኝቱን በመጽሔት ያሳወቀለት ሄብራ ነው፡፡ ሌሎች አገሮች ያሉ ሐኪሞች ወሬውን በተባራሪ ሰምተው ነገሩ ስለ ሬሳ ብቻ መሰላቸው፤ እኛ አስከሬን ነክተን አናዋልድም ብለው ዘጉት፡፡ እሱ ራሱ ብዕር ያነሳው በ1858 ነው፤ 11 ዓመት ዘግይቶ! ለወላድ ይህ ዕድሜ ነው፡፡ ደግሞም የመጀመሪያው አልነበረም፤ ስኮትላንድ ውስጥ አሌክሳንደር ጎርደን በ1795፣ አሜሪካ ውስጥ ኦሊቨር ዌንደል ሆልምስ በ1843 የአራስ ትኩሳት በሐኪምና በአዋላጅ እጅ እንደሚተላለፍ ጽፈዋል፡፡ እነሱም ተሰድበውበታል፡፡

ያመኑት ደግሞ ማመናቸው ራሱ ከባድ ዋጋ ያስከፍል ነበር፡፡ በጀርመን የኪል ከተማ ፕሮፌሰር ጉስታቭ ሚካኤሊስ የቪየናውን ዜና ሲሰማ በክፍሉ ክሎሪን አስጀመረና ሞቱ ሲቀንስ አየ፡፡ ነገር ግን ከጥቂት ጊዜ በፊት ያዋለዳት የአጎቱ ልጅ በዚሁ ትኩሳት ሞታለች፡፡ የገደልኳት እኔ ነኝ ብሎ በ1848 ባቡር ሥር ገባ፡፡ ሐኪሞች ለምን አላመኑም ብለን ስንፈርድ ሚካኤሊስን ማስታወስ ይገባናል፡፡

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላንሳ፡፡ ከጥቂት ዓመታት በፊት እህቴን ላስታምም ስሙን በማልጠቅሰው አንድ የማስተማሪያ ሆስፒታል ሦስት ሌሊት አድሬ ነበር፡፡ በክፍሉ ያለችው አንዲት የእጅ መታጠቢያ ቀን ቀን ውኃ የላትም፡፡ አንዲት ተለማማጅ ሐኪም የራሷን አልኮል በጋዋኗ ኪስ ይዛ ከአልጋ ወደ አልጋ ባለፈች ቁጥር እጇን ታሽ ነበር፡፡ ታላላቆቿ ፈገግ እያሉ ያልፏታል፡፡ ልጅቷ ልምምዷን ጨርሳ ስትሄድ ያቺ ጠርሙስም አብራት ትሄዳለች ብዬ ማሰቤ አልቀረም፡፡ በአንጻሩ የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በ1990ዎቹ በፕሮፌሰር ዲዲዬ ፒቴ መሪነት ያደረገው ይታየኛል፡፡ አልኮሉን በየአልጋው አጠገብ አስቀመጡ፤ ሠራተኛው እጁን ማጽዳት አለማጽዳቱን እየተከታተሉ ቆጠሩ፤ ቁጥሩን ለሠራተኛው አሳወቁ፤ አስተዳደሩም ከኋላቸው ቆመ፡፡ ከ1994 እስከ 1997 የማጽዳቱ ልማድ ከመቶ 48 ወደ 66 ሲያድግ፣ በሆስፒታል ውስጥ የሚያዘው ኢንፌክሽን ከ16.9 ወደ 9.9 ወረደ፡፡ ከመቶ 66 እንኳ ብዙ አይደለም፡፡ ግን በአንድ ሰው ላይ የተንጠለጠለ አልነበረም፡፡

የሴመልቫይስ ሳህን የተንጠለጠለው በሴመልቫይስ ላይ ነበር፡፡ በ1850 ዩኒቨርሲቲው እንዲያስተምር ቢፈቅድለትም በአሻንጉሊት አካል ላይ ብቻ ይሁን አለው፡፡ ውርደቱን አልቻለም፡፡ ለእነዚያ ላገዙት ወዳጆቹ እንኳ ሳይሰናበት በጥቂት ቀናት ውስጥ ቪየናን ጥሎ ፔሽት ገባ፡፡ እዚያ በቅዱስ ሮኩስ ሆስፒታል ያለ ደመወዝ የማዋለጃ ክፍሉን ያዘ፡፡ ከ1851 ጀምሮ ባሉት ስድስት ዓመታት ከ933 ወላዶች በአራስ ትኩሳት የሞቱት ስምንት ናቸው፡፡ በ1855 የፔሽት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ፡፡ በዩኒቨርሲቲው ክፍል ትኩሳቱ ድንገት ሲነሳ ምክንያቱ በደንብ ያልታጠበ አንሶላ ሆኖ አገኘው፡፡ አቤቱታው ሰሚ ሲያጣ የሚሸተውን አንሶላ ተሸክሞ ባለሥልጣኑ ጠረጴዛ ድረስ ወሰደው ይባላል፡፡ ከሕይወቱ ሁሉ እኔ የምወድለት ይህችን ነው፡፡

በ1857 ማሪያ ቫይደንሆፈርን አገባ፤ አምስት ልጆች ወለዱ፤ ሁለቱ በጨቅላነታቸው ሞቱ፡፡ በ1860 መጨረሻ የወጣው ትልቁ መጽሐፉ በሰንጠረዥና በቁጥር የታጨቀ፣ በቁጣ የተሞላና የተንዛዛ ነበር፡፡ ታላላቆቹ የጀርመን ፕሮፌሰሮች ነቀፉት፡፡ እሱም ግልጽ ደብዳቤ እያሳተመ ነፍሰ ገዳዮች ይላቸው ጀመር፡፡ ከዚያ በኋላ የሚሰማው ሰው ይበልጥ ተመናመነ፡፡

በ1865 ጠባዩ ተለወጠ፤ ምን በሽታ እንደነበር ሐኪሞች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፡፡ በጁላይ መጨረሻ ያ የድሮ ወዳጁ ሄብራ አዲስ የሕክምና ተቋም ላሳይህ ብሎ ቪየና ውስጥ ወደሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ወሰደው፡፡ ነገሩ ሲገባው ሊያመልጥ ሞከረ፡፡ ጠባቂዎቹ ክፉኛ ደበደቡት፡፡ በሁለት ሳምንቱ፣ ኦገስት 13 ቀን፣ በ47 ዓመቱ ሞተ፡፡ ቀኝ እጁ ላይ የነበረው ቁስል በስብሶ ደሙ ተመርዟል፡፡ አስከሬኑ የተመረመረው በዚያው በቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል ነው፡፡

በቀብሩ ላይ የተገኙት ጥቂት ናቸው፡፡ የሀንጋሪ ሐኪሞች ማኅበር ለሞተ አባሉ የመታሰቢያ ንግግር እንዲደረግ ደንቡ ያዝዝ ነበር፤ ለሴመልቫይስ አልተደረገም፡፡ በፔሽት በቦታው ያኖሽ ዲሸር ተተኩ፤ በክፍሉ የሚሞቱት ከመቶ አንድ ወደ ስድስት ወጡ፡፡ የጠየቀ ሰው አልነበረም፡፡ በሁለተኛው ዓመት ጆሴፍ ሊስተር ስለ ቁስል ንጽሕና የጻፈው ጽሑፍ ወጣ፤ በ1879 ሉዊ ፓስተር የአራስ ትኩሳትን ጀርም ፓሪስ ላይ በጥቁር ሰሌዳ ስሎ አሳየ፡፡ የሴመልቫይስ አጽም በ1891 ወደ ቡዳፔስት ተዛወረ፡፡ በ1964 ደግሞ ወደ ተወለደበት ቤት ተወሰደ፤ ቤቱ የሕክምና ታሪክ ሙዚየም ሆኗል፡፡